ድንጋይ የፍሬን ምትክ አይሆንም

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ባልትናና ስለ ትዳር ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ግን ከማዕድ ቤት ወጣ ብሎ በር ላይ ከቆመችው አውቶሞቢል ዘንድ የሚያደርሰን ነው። «የመኪና ነገር ከሴቶችና ከቤተሰብ ገጽ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ከገበያ ጤፍና ሽንኩርት የምታመላልሰው፣ ሌሊት የታመመ ሰው ሲኖር ወደ ሐኪም ቤት የምትሮጠው ይህችው መኪና ናት። በውስጧ የሚቀመጠው ቤተሰቡ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ መሪዋን ጨብጣ የምናያት ብዙ ጊዜ እናት ናት።

ርእሳችን የእጅ ፍሬን ነው። ከመኪና ክፍሎች ሁሉ ሲበላሽ እንደ እርሱ ችላ የሚባል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሞተር ቢበላሽ መኪናዋ አትነሳም። ባትሪ ቢደክም ቁልፉ ቢዞር መልስ የለም። ጎማ ቢተነፍስ ዓይን ያየዋል። የእጅ ፍሬን ሲበላሽ ግን መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ በእግር ፍሬንም ትቆማለች። ከዚህም የተነሳ «ምን አስቸኮለኝ፤ የወሩ አስቤዛ ይቅደም፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይቅደም» እየተባለ ከወር ወደ ወር ይሸጋገራል። በእርሱ ፈንታ ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ይነሳና ከጎማው ሥር ይወሸቃል። ድንጋዩም ቀስ በቀስ የቤተሰቡ ንብረት ሆኖ ከመኪናዋ ጋር አብሮ መጓዝ ይጀምራል።

ስሙና አሠራሩ

ሾፌሮችና መካኒኮች የእጅ ፍሬንን «ፍሬን አማኖ» ይሉታል። ቃሉ «ፍሬኖ አ ማኖ» ከሚለው ጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም ያው የእጅ ፍሬን ማለት ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ፍሬቻ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው።

የእግር ፍሬን የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ተገፍቶ በአራቱም ጎማ ላይ ያሉትን ፍሬኖች ያስይዛል። የእጅ ፍሬን ግን በዚህ ዘይት አይሠራም። ማንሻው ሲሳብ ከመኪናዋ ወለል ሥር የተዘረጋውን የሽቦ ገመድ ይጎትታል። ገመዱም በአብዛኞቹ የቤት አውቶሞቢሎች በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ከፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። የኋላ ፍሬናቸው ዲስክ በሆነ መኪናዎችም ቢሆን ሐሳቡ ይኸው ነው። እንደ ላንድሮቨር ባሉ የቆዩ የመስክ መኪናዎችና በአንዳንድ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው።

ሁለቱ ፍሬኖች የተለያዩበት ምክንያት አለ። በቀድሞዎቹ መኪናዎች የፍሬኑ ዘይት መስመር አንድ ብቻ ስለ ነበር አንድ ቱቦ ሲቀደድ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀሩ ነበር። ያን ጊዜ ሾፌሩ የሚቀረው ተስፋ የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የዘይቱን መስመር ለሁለት ከፍሎ መሥራት የተለመደ ሆኗል። ይሁን እንጂ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲተርፍ የሚለው ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም። እንግዲህ የእጅ ፍሬኑ የተበላሸ መኪና ሁለት ነገር አጥቷል ማለት ነው። አንደኛው ቆሞ የሚጠበቅበትን ኃይል ሲሆን ሁለተኛው በክፉ ቀን የሚመዘዘውን መጠባበቂያ ነው።

ዳገቱ ምን ያህል ይስባል?

ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ችግር አቅልሎ ቢያየው አይፈረድበትም። የእኛ ከተሞች ግን በአመዛኙ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። አዲስ አበባን ብንወስድ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስዱትን መንገዶች ማሰብ ይበቃል። ጎንደርና ደሴም ከዚህ የሚተናነሱ አይደሉም። በእነዚህ ሰፈሮች መኪና የሚቆመው በተዳፋት ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለምና።

ቁጥሩን በቤታችን መለኪያ እንየው። መንገዱ በ100 ሜትር ውስጥ 10 ሜትር ከፍ የሚል ከሆነ የ10 በመቶ ዳገት ይባላል። ክብደቷ 1,000 ኪሎ የሆነች ትንሽ አውቶሞቢል በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ስትቆም ቁልቁል የሚጎትታት ኃይል 100 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ በገመድ ታስሮ ሌት ተቀን ወደ ታች ይጎትታታል እንደ ማለት ነው። ዳገቱ 20 በመቶ ሲሆን ኩንታሉ ሁለት ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 13-ኤች አንድ አውቶሞቢል ሙሉ ጭነቱን ይዞ በ20 በመቶ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬኑ ብቻ ቆሞ እንዲቀር የሚያዘውም ይህንኑ በማሰብ ነው።

የያዛት ነገር ቢለቅስ? ያቺው መኪና በ10 በመቶ ቁልቁለት 20 ሜትር ብቻ ብትንሸራተት፣ ይህን ርቀት የምትጨርሰው በ7 ሰኮንድ ገደማ ነው። በመጨረሻውም ላይ ፍጥነቷ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሰባት ሰኮንድ ማለት አንዲት እናት የግቢውን በር ከፍታ ዘወር እስክትል ያለው ጊዜ ነው። ሃያ ሜትር ደግሞ ከበሩ አንሥቶ ልጆች ኳስ እስከሚጫወቱበት ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ሞተሯ ስለማይሠራም ድምፅ አታሰማም።

ድንጋዩን ያቀብል የነበረው ልጅ

በእንጦጦ ሥር ባለ አንድ ሰፈር የምትኖር የሁለት ልጆች እናት የደረሰባትን እንዲህ ስትል አጫውታናለች። ባለቤቷ ሥራው ከከተማ ውጭ በመሆኑ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አድርሳ ራሷ ወደ ሥራ የምትሄደው በአንዲት የቆየች አውቶሞቢል ነው። የእጅ ፍሬኑ ማንሻ ሲሳብ እስከ ላይ ይመጣ ነበር እንጂ መኪናዋን አይይዝም። ለባለቤቷ በስልክ ብትነግረው «እስከሚቀጥለው ደመወዝ በድንጋይ እናዝልቀው» አላት። እርሷም ተስማማች። የመጀመሪያው ደመወዝ ለቤት ኪራይ ሄደ። ሁለተኛው ለልጆቹ መጻሕፍትና ደብተር ሄደ። አራት ወር ሞላ።

መኪናዋን የምታቆመው በተዳፋት ላይ ስለ ሆነ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ማንሳት አትችልም። ስለዚህ ማታ ማታ ወርዶ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር የሚያደርገው የዘጠኝ ዓመት ልጇ ነበር። ልጁ በሥራው ይኮራ ነበር። ድንጋዩን ራሱ የመረጠው እርሱ ነው፤ ታናሽ እኅቱንም አያስነካትም።

አንድ ቀን ማታ ዝናብ ጥሎ ነበር። እናትየዋ የረጠበው ጫማዋ ከፔዳሉ ላይ አዳለጣት። መኪናዋ ወደ ኋላ ግማሽ እርምጃ ያህል ተንሸራተተች። ልጁ ያን ጊዜ ድንጋዩን አስቀምጦ እጁን ገና እየሳበ ነበር። ጎማው ድንጋዩን ገፍቶ ከአስፋልቱ ጠርዝ አጋጨውና ቆመ። ልጁ አልተነካም። «እማዬ፣ ያዘ!» ብሎ ጮኸላት፤ ምን እንዳለፈበት አላወቀም። እርሷ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በቀጥታ ጋራዥ ሄደች።

እዚያ ያገኘቻቸው ሽማግሌ መካኒክ መኪናዋን አንሥተው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ገመዱ ደህና ነው። ሸራው ግን አልቋል፤ በዚያ ላይ ከግራ ጎማ የሚያፈስ ዘይት ነክቶታል» አሏት። «ስንት ጊዜው ነው?» ብለውም ጠየቋት። አራት ወር እንደ ሆነው ነገረቻቸው። «ታዲያ በምን ታቆሚያት ነበር?» አሏት። በድንጋይ እንደ ሆነ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «ድንጋዩን የሚያስቀምጠውስ ማነው?» አሉ። ይህን ጥያቄ መመለስ እንዳቃታት ነው የነገረችን።

ከዚህ ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የሚያፈሰው ዘይት የእግር ፍሬኑ ዘይት ነበር። የእጅ ፍሬኑ መድከም የእግር ፍሬኑም መታመም ጀምሮ እንደ ነበር የሚናገር ምልክት ነበር ማለት ነው። እርሷ አንድ ፍሬን እንደ ጎደላት ታስብ ነበር እንጂ ሁለተኛውም እየተከተለ መሆኑን አላወቀችም።

በምን ይታወቃል?

የእጅ ፍሬን ሳይናገር አይሞትም። ቀድሞ የሚሰጣቸውን ምልክቶች ማወቅ መካኒክ መሆንን አይጠይቅም።

ማንሻው ሲሳብ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ የጥርሶቹ ድምፅ ነው። በብዙ መኪናዎች ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ቁጥር ውስጥ ጠበቅ ብሎ መቆም አለበት። ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናዋ ጋር በሚሰጠው መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ዛሬ ስድስት፣ ከወር በኋላ ዘጠኝ፣ ከዚያም አሥራ አንድ እያለ ከሄደ ወይ ሸራው እያለቀ ነው፤ ወይም ገመዱ ላልቷል። ማንሻው ያለ አንዳች ክብደት እንደ ላላ ገመድ ከተነሳ ገመዱ ተበጥሷል ማለት ነው። ተስቦ ከቆመ በኋላ በራሱ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚያስፈራ ነው፤ ሰው «ይዟል» ብሎ ትቶት ከሄደ በኋላ የሚለቅ ነውና።

ተቃራኒውም አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ይይዝና አልለቅ ይላል። መኪናዋ ስትነዳ ትከብዳለች፤ ነዳጅ ትበላለች። ከኋላ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል። ቆማ ሲታይ ከኋላ ጎማዎች አንደኛው ከሌላው ይልቅ ይግላል። ይህ የሚሆነው ገመዱ በመሸፈኛው ውስጥ ዝጎ ሲያዝ ነው። እንዲህ ስትሆን ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ መልቀቅ ይቻላል። ካልለቀቀ ግን እየጎተቱ መንዳት አይገባም፤ መካኒክ እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል። በጋለ ታምቡር ላይም ውሃ መድፋት ብረቱን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ክልክል ነው።

በመሪው ፊት ለፊት የምትበራው ቀይ መብራትም መልእክት አላት። የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሳለ መብራቷ ካልጠፋች «የእጅ ፍሬኑ ማብሪያ ተበላሽቶ ይሆናል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን በብዙ መኪናዎች ይህችው መብራት የፍሬን ዘይት ሲጎድልም ትበራለች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን መጠን በዕቃው ላይ ባሉት መስመሮች ማየት ያስፈልጋል።

በክረምት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ውሃ በሞላበት መንገድ ያለፈች መኪና ሸራዎቿ ስለሚርሱ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ፍሬኖቿ ይደክማሉ። ውሃውን ከተሻገሩ በኋላ ቀስ ብለው እየነዱ የእግር ፍሬኑን በስሱ መርገጥ ሸራዎቹን ያደርቃቸዋል።

መኪና እንዴት ይቆማል?

ከብልሽቱ ሌላ አቋቋሙም ትምህርት ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የእግር ፍሬኑን ይዘን ማርሽ አስገብተን ሞተር እናጠፋና የእጅ ፍሬኑን በመጨረሻ እንስባለን። እንዲህ ሲሆን መኪናዋን የያዛት ማርሹ ይሁን የእጅ ፍሬኑ ማወቅ አይቻልም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ የእግር ፍሬኑ እንደ ተረገጠ ማርሹ ዜሮ ላይ ይደረጋል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑ በደንብ ይሳባል። ቀጥሎ እግር ከፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይነሳል፤ መኪናዋ ካልተነቃነቀች የእጅ ፍሬኑ ይዟል። ከተነቃነቀች እግር ወዲያው ይመለሳል፤ የእጅ ፍሬኑም ምርመራ እንደሚያስፈልገው በዚያው ይታወቃል። ይህን ስናደርግ ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን አስቀድመን ማረጋገጥ አለብን። ከዚያ በኋላ እንደገና የእግር ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና ማርሽ ማስገባት ነው። ፊቷ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ይገባል። ማርሽ ብቻውን ግን አይበቃም። ሞተሩ ያረጀ እንደ ሆነ መኪናዋ ቀስ በቀስ ልትንፏቀቅ፣ ማርሹም ሊወጣ ይችላል።

መሪውን ማዞርም ትልቅ ጥቅም አለው። እኛ በቀኝ በኩል ስለምንነዳ በቀኛችን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ካለና ፊታችን ወደ ዳገት ከሆነ የፊት ጎማዎች ወደ ግራ ይዞራሉ። መኪናዋ ወደ ኋላ ብትንሸራተት ጎማው ጠርዙን ተደግፎ ይቆማል። ፊታችን ወደ ቁልቁለት ከሆነ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ጠርዝ በሌለበት መንገድ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ ወደ ቀኝ ማዞር ይገባል፤ መኪናዋ ብትለቅ እንኳ ወደ መሐል መንገድ አትወጣም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪናዎች «ፒ» የምትል ፊደል አለቻቸው። ይህች ፊደል ስትገባ መኪናዋን የሚይዛት በካምቢዮው ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። ዳገት ላይ ያን ሁሉ ክብደት በዚያች ጥርስ ላይ መጣል ጥርሱን ይጎዳል። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ቀጥሎ «ፒ» መሆን አለበት።

ከረጅም ቁልቁለት በኋላ የሚቆም ሰው ደግሞ ይህን ያስታውስ። የኋላ ዲስኮች ግለው ሳለ የተሳበ የእጅ ፍሬን፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ሊላላ ይችላል። ሰውየው ቡና ሊጠጣ ከገባ በኋላ መኪናዋ ብቻዋን የምትነሳው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሱን አንድ ሁለት ጨምሮ መሳብና ማርሽ ማስገባት መድኃኒቱ ነው።

ጋራዥ እስኪደረስ

የእጅ ፍሬኑ ተበላሽቶ ጥገናው ዛሬ የማይሆን ከሆነ መኪናዋን ሜዳ ላይ ማቆም ነው፤ ሁለት መቶ እርምጃ በእግር መሄድ ቢጠይቅም እንኳ። ሜዳ ፈጽሞ ከታጣ እንደ ሽብልቅ የተጠረበ የእንጨት ታኮ ማሠራት ይሻላል። ታኮ በተዳፋቱ የታችኛው ወገን ከጎማው ጋር ተጣብቆ ይገባል። ክብ ድንጋይ ይንከባለላል፤ የሾለው ይሰበራል፤ ለስላሳው በዝናብ ያዳልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታኮውን የሚያስቀምጠው ትልቅ ሰው መሆን አለበት። እርሱም ከጎን ሆኖ እንጂ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ አይደለም፤ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን በደንብ ይዞለትም መሆን ይገባዋል። ልጅ ለዚህ ሥራ አይላክም።

አንድ የጨዋነት ነገርም እንጨምር። ድንጋይ ተጠቅመን ስንነሳ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥለን አንሂድ። ማታ ለሚመጣ ሞተር ብስክሌት ያ ድንጋይ የሞት ወጥመድ ነው።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ

አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ ሴት ስትገባ «ባለቤትሽ ይምጣ» መባሉ ያልቀረ ልማድ ነው። ይህን ልማድ የሚያሸንፈው ምልክቱን በትክክል መናገር ነው። «ፍሬኑ ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ «ማንሻው አሥራ አንድ ጊዜ ይላል፤ በግራ በኩል የኋላው ጎማ ይግላል፤ መብራቷም አትጠፋም» የምትል ሴት እንደ ባለሙያ ትሰማለች።

ከሥራው በፊት የሚለወጠው ምን እንደ ሆነ፣ ገመዱ ነው ወይስ ሸራው፣ በአንድ ጎማ ነው ወይስ በሁለቱም መጠየቅ ይገባል። ሸራ ሁልጊዜ በሁለቱም ጎማ በአንድነት ይለወጣል፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትስባለች። ሸራው ያለቀ ሆኖ ሳለ ገመዱን ብቻ ማጥበቅ ሕመሙን መደበቅ እንጂ መፈወስ አይደለም። ዘይት የነካው ሸራም ታጥቦ አይመለስም፤ የሚያፈሰው ክፍል ተሠርቶ ሸራው ይለወጣል። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ «አሳየኝ» ማለት ነውር የለውም። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊትም ከመካኒኩ ጋር ወጥቶ ሰው በሌለበት ተዳፋት ላይ ቁማ መያዟን መፈተን ያስፈልጋል።

«ቦሎ አለኝ፤ ተመርምራለች» ማለትም አያድንም። ዓመታዊው ምርመራ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ነው። ሸራ የሚያልቀው ግን በቀሩት ቀናት ነው።

የእግር ፍሬን ሲከዳ

የእጅ ፍሬኑ ደህና ሆኖ የተጠበቀበት ክፉ ቀን ቢመጣስ? እንደ አባይ በረሃና እንደ ሊማሊሞ ባሉት ረጃጅም ቁልቁለቶች የእግር ፍሬኑን ያለ ዕረፍት የረገጠ ሰው ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል። መከላከያው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ነው።

ከዚህ አልፎ ፔዳሉ ወለል ከነካ ግን እግርን ከነዳጅ መስጫው አንሥቶ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ፣ ማርሹን ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ክላክስ ማሰማት ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬኑ የሚሳበው በጫፉ ያለው ቁልፍ እንደ ተጫነ፣ ቀስ በቀስ፣ እየለቀቁና እየያዙ ነው። በአንድ ጊዜ በኃይል ቢሳብ የኋላ ጎማዎች ይታሰሩና መኪናዋ ዞራ ከመንገድ ትወጣለች። መኪናዋ ሳትቆም ሞተር አይጠፋም፤ መሪው ይከብዳል፣ ቁልፉ ከወጣም ሊቆለፍ ይችላል።

ሰው የሌለባት መኪና መንሸራተት ስትጀምር ደግሞ በደረት ወይም በእጅ ለማቆም መሞከር ከንቱ ነው። ያን የኩንታል ሒሳብ እናስታውስ። የሚቻለው ጮኾ ሰው ማስለቀቅ ነው። ብረት ይጠገናል።

ስለ አዳዲሶቹ መኪናዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በርክተዋል። በአብዛኞቹ ላይ ማንሻ የለም፤ በክብ ውስጥ የ«ፒ» ፊደል ያለባት ቁልፍ ብቻ ናት ያለችው። ይህችን ቁልፍ ሲነኩ ትንሽ ሞተር የኋላ ፍሬኖቹን ያስይዛል። እዚህ የጥርስ ድምፅ መቁጠር የለም። ስለዚህ መብራቷ መብራቷን ማየትና እግርን ቀስ ብሎ አንሥቶ መፈተን የበለጠ ያስፈልጋል። ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች ፍሬኑ ላይለቅ ይችላልና መኪናዋን በግድ መግፋት ወይም መጎተት አይገባም። የኋላ ሸራ ሲለወጥም ሞተሩ በመመርመሪያ መሣሪያ እንዲከፈት የሚጠይቁ ስለ ሆኑ ሙያው ላለው ሰው ብቻ መስጠት ነው። በመንገድ ላይ የእግር ፍሬን ቢከዳ በብዙዎቹ ቁልፏን ሳይለቁ ይዞ መቆየት መኪናዋን በልክ ያቆማታል።

ልጆችና የመኪና ቁልፍ

በመጨረሻም ስለ ልጆች። ማንሻው የተቀመጠው በሁለቱ ወንበሮች መካከል፣ ልክ በልጅ እጅ ቁመት ነው። አባቱ ሲስብና ሲለቅ ያየ የአራት ዓመት ልጅ ራሱም መሞከሩ አይቀርም። ስለዚህ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ልጆችን በመኪና ውስጥ ትቶ መሄድ፣ በተዳፋት ላይ ቢሆን ቀርቶ በሜዳም ቢሆን ሊቀር ይገባል። የመኪናዋ ቁልፍም እንደ መድኃኒትና እንደ ላምባ ሁሉ ከልጅ እጅ ርቆ ይቀመጥ። በግቢ ውስጥ የቆመች መኪናም በሮቿ ይቆለፉ። ልጆች ከመኪና ኋላ ወይም ሥር እንዳይጫወቱም ከመንገዳቸው ትምህርት ጋር አብሮ ይነገራቸው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለምድጃ ብቻ የተባለ አይደለም። የእጅ ፍሬን ሸራ፣ ከተበላሸ ከሚያስከትለው ጋር ሲነጻጸር፣ ከቤት ወጪዎች ሁሉ አነስተኛው ነው። ያቺ እናት ዛሬ ማንሻውን በሳበች ቁጥር የጥርሱን ድምፅ ትቆጥራለች፤ ስድስት ነው። ቁጥሩንም የወሩን ሒሳብ በምትጽፍበት ደብተር ጠርዝ ላይ፣ ከመብራትና ከውሃ ቀጥላ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ታሰፍረዋለች። ስምንት የደረሰ ቀን ደመወዝ አትጠብቅም። እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም፤ ውድ አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ መኪናቸውን ሲያቆሙ አንድ ጊዜ ይቁጠሩ።